የካሜራህ አሸዋ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13 ቀን
ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል

ለታናሽ ወንድሜ፣

ደህና መሆንህን አውቃለሁ። አዲሱ ቤትህ፣ አዲሱ ሶፋህ፣ አዲሱ ካሜራህ፣ ሁሉም ደህና መሆናቸውን በየቀኑ የምትለጥፈው ፎቶ ይነግረኛል፤ ስለዚህ የጤናውን ጥያቄ ዘልዬዋለሁ፤ አትቀየመኝ። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ወገቤን አልፎ አልፎ ያመኛል። የሰባት ወር ነገር ስለሆነ ባንዴ አይለቅም።

በዚህ ዘመን ምን ወረቀት አስያዛት ትል ይሆናል። በስልክ ስጽፍልህ መልስህ ሁልጊዜ አንድ አውራ ጣት ናት፤ በአውራ ጣት የሚመለስ ነገር አይደለም የያዝኩት። ይህ ደብዳቤ የሚደርስህ ከተጠቀለለው ፎቶ ጋር ነው። ፎቶውን ሳትፈታ መጀመሪያ ይህን አንብብ። እንደማታደርገው አውቃለሁ፤ ከልጅነትህም ገና እጅህ ሳይገባ ነበር መጠቅለያ የምትቀደው። ቢሆንም ብያለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። የዛሬ ሦስት ወር ግድም የእማዬን ፎቶ ላክህልኝ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «እትዬ፣ ይቺን አጥሪልኝ። በር የሚያህል አሳትሜ ሳሎን ልሰቅላት ነው፤ ለዘመድም ሁሉ እልካለሁ። ትከሻዋ ጋ ያለችውን እድፍም አብረሽ አጥፊያት።» በቃ። እንዴት ነሽ የለ፣ እባክሽ የለ። ሰው ሸሚዙን ለአጣቢ ሲሰጥ እንኳ ሰላምታ ያስቀድማል።

ግን አልተቆጣሁም፤ ያን ጊዜ አልተቆጣሁም። ፎቶውን ስከፍተው መጀመሪያ ሦስት ቦታ ቀድቼ አስቀመጥኩት። እማዬን ካስታመምኩባቸው ከእነዚያ ሰባት ወራት የቀረን ያ ብቻ ነዋ። ቀን ሙሉ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምረቃ፣ የሰው ልጅ ፎቶ ሳጸዳ የምውል ሴት ነኝ፤ የእናቴን የመጨረሻ ወራት የሚያሳይ አንድ ፎቶ የለኝም። የሚያገላብጥ እጅ ካሜራ አይዝም። አጥቤያት፣ ልብሷን ቀይሬ፣ በማንኪያ ውሃ ሰጥቼ ስጨርስ ስልኬ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።

ፎቶውን ያነሳህበትን ቀን ታስታውሰዋለህ ብዬ ልገምት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻንጣህን ከመኪናው ሳታወርድ ገባህ፤ አውሮፕላንህ ማታ ነው አልክ። ብርሃን ዓይኗን ስለሚወጋት የመኝታ ክፍሏ መጋረጃ ተዘግቶ ነበር፤ ያለችው አንዲት የደከመች አምፖል ናት። ፍላሽ ልታበራ ስትል እማዬ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስለዚህ አይኤስኦውን፣ የካሜራውን ብርሃን የመሳብ ኃይል፣ እስከ ጣሪያው ወሰድከው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ሳትል፣ «እትዬ፣ ዞር በይ፣ ፍሬሙ ውስጥ ገባሽ» አልከኝ። ዞር አልኩ፤ የምችለውን ያህል። ከራስጌው በኩል ካለው ጨለማ ውስጥ ዝቅ አልኩ። አንተ የምታየው ስክሪኑን ነበር። አንዴ ጠቅ አደረግህና፣ «አሪፍ ናት» ብለህ ግንባሯን ሳምክ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የመኪናው ድምፅ ተሰማኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደወልኩልህ። መርዶ በስልክ መንገር ምን እንደሆነ አታውቅም፤ አንተ ሁልጊዜ ተቀባይ ነህ። ስታለቅስ ሰማሁህ፤ እንባህን አላስተባብልም። ከዚያ ያልከውን ግን እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ፦ «እኔ ሳያት እኮ ራሷን ችላ ተቀምጣ ነበር። በአሥራ አንድ ቀን ምን ሆነች? ምን አደረጋችኋት?» ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው እንደሌለ ታውቃለህ። ለቀብሯ ሳትመጣ የቀረኸውም በሥራ ነው፤ ይሁን፤ እሱን ዛሬ አላነሳውም።

ያንኑ ቃል ለአክስታችን ነገርካት። አክስታችን ደግሞ ለሰማም ላልሰማም አዳረሰችው። የላክህላትን ፎቶ ከስልኳ እያወጣች ታሳያለች፤ «ይኸውላችሁ፣ ልጇ ሲመጣ እንዲህ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ እሱ ከሄደ በኋላ ነው» ትልና እዚያ ላይ ዝም ትላለች። የቀረውን ሰሚው ይሞላዋል። ባለፈው ፋርማሲው በር ላይ አግኝታኝ፣ ጉንጬን ስማ ስትጨርስ፣ የእማዬን መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣት እንደነበር ጠየቀችኝ። አጠያየቋ ለስላሳ ነበር፤ የአየሩን ሁኔታ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። ያልተነካ ግልግል ያውቃል። በሰባት ወር ውስጥ አራት ጊዜ መጣች፤ አራቱንም ጊዜ ጫማዋን ሳታወልቅ ከበር ላይ ተመለሰች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ስም ግን ከእናቴ ጋር ነው የተቀበረው።

ያኔውኑ ለምን እውነቱን አልተናገርሽም ትለኝ ይሆናል። አንተ ከመግባትህ አንድ ሰዓት በፊት እማዬ አንድ ነገር አስምላኛለች። «በሞቴ፣ እንዳትነግሪው» ብላ። ሰው በሞቴ የሚለው ለአፉ ያህል ነው፤ እሷ ግን የምትለውን ታውቅ ነበር። ምን እንዳስማለችኝ ዛሬም አልነግርህም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሆዴም የሚፈጀውን ፈጀ።

እሺ፣ ወደ ሥራው ልመለስ። ሥራው ላይ ስሆን ቁጣዬ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

እዚህ ቤት ፎቶ ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ አሸዋ ነው የምንለው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ያላየውን ያየ እየመሰለው የሚበትነው ነገር ነው። አሸዋ የሌለው ካሜራ የለም፤ ግን የአንዱ ዓይነት ከሌላው አይገጥምም። የአንዱ ጥላ ላይ ይበዛል፣ የአንዱ ቀዩ ላይ፣ ሌላው እስከ ሦስት ሺህ አይኤስኦ ጨዋ ሆኖ ይቆይና ከዚያ በኋላ ያብዳል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ አሸዋውን ከሰው ፊት ለይቶ እንዲጠርግ፣ መጀመሪያ የካሜራውን አሸዋ ለክተን ፕሮፋይል እንሠራለታለን። ፕሮፋይል ማለት በዚህ አይኤስኦ፣ በዚህ ብርሃን፣ ከዚህ ካሜራ ይህን ያህል አሸዋ ይጠበቃል የሚል ሠንጠረዥ ነው። ከልኩ ያለፈውን ማሽኑ እውነት ነው ብሎ ይተወዋል፤ በልኩ ውስጥ ያለውን ይጠርገዋል።

ይህን ያስተማረኝ አለቃዬ ነው። ታስታውሰዋለህ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን ያያችሁ እያለ የሚዞረው። በመጀመሪያው ቀን ወተት የመሰለ መስታወት ፊት አስቀመጠኝ። ከጀርባው መብራት አለ፤ ብርሃኑ ከአንዱ ጫፍ ደምቆ ወደ ሌላው እየደበዘዘ ይሄዳል። ፎከሱን አደብዝዤ እንዳነሳ አዘዘኝ። ምን ላንሳ አልኩት። «ምንም» አለኝ። «አሸዋውን ለማወቅ ምንም የሌለበትን ነው የሚያነሱት። የሆነ ነገር ካለበት ማሽኑ እሱንም አሸዋ ነው ብሎ ይማራል። ከዚያ በኋላ ባገኘው ቁጥር ይጠርገዋል።» ሁለተኛም ሕግ አለው፤ በዓይንሽ ያላየሽውን ፎቶ አትለኪ ይላል። የጣስኩት ይቺን ሁለተኛዋን ነው፤ የጣስኩትም ለአንተ ብዬ ነው።

የአንተ ካሜራ ከዝርዝራችን ውስጥ አልነበረም። የቅርብ ዘመዱ ነው ብዬ የሌላ ካሜራ ፕሮፋይል ብሞክርበት ፊቷን አጨቀየው። ስለዚህ መመሪያ ጻፍኩልህ። በጥሬ ፋይል፣ ካሜራው ሳይነካካው፣ አንሳ፣ የካሜራውን የራሱን ማጽጃ አጥፋ፣ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ አድርገው፣ ነጭ ነገር ፊት አቁመህ ፎከሱን ፈጽሞ አደብዝዝ፣ አይኤስኦውን ከመቶ ጀምረህ እስከ ሃያ አምስት ሺህ ስድስት መቶ በእጥፍ እያሳደግህ ውጣ፣ በየደረጃው አራት አራት ፎቶ። መጨረሻ ላይም የአለቃዬን ቃል ጨመርኩበት፤ ምንም የሌለበትን አንሳ አልኩህ። ይቀልሃል ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ላክህልኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ወንድሜ አንዴ ብነግረው አደረገ ብዬ ለአለቃዬ ሳይቀር አወራሁ። ደስታዬ ነው ያሳወረኝ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሳልከፍት ወደ ማሽኑ ከተትኩና የአሸዋውን ልክ የሚያሳየውን መስመር አወጣሁ። መቶ አይኤስኦ ላይ መሬት ለመሬት መሄድ የነበረበት መስመር ወገብ ድረስ ቆሟል። አየሁት። ካሜራው አርጅቷል ብዬ አለፍኩት። ሌላ ሰው ያመጣው ቢሆን ኖሮ በዚያች መስመር ብቻ ደንበኛውን ከነካሜራው ከበር እመልሰው ነበር። በእኛ ቤት ግን አንተ ያደረግከው ነገር ተመርምሮ አያውቅም፤ እማዬም አትመረምርም ነበር፤ እኔም ከእሷ ነው የተማርኩት።

ፕሮፋይሉን አስገብቼ የእማዬን ፎቶ ስጠርገው እንደተላጠ እንቁላል ሆና ወጣች። ሽብሽቧ የለም። ግንባሯ ልሙጥ፣ አንገቷ ልሙጥ። አንተ በሦስት ዓመትህ ማንኪያ ወርውረህ ቅንድቧ ላይ ያተምክባት ጠባሳ እንኳ የለም። ያ ግራጫ ሹራቧ፣ እያንዳንዱ ቀለበት የሚቆጠረው፣ እንደ ሊጥ ተድበልብሏል።

ለአለቃዬ አሳየሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤ ይህ ብቻውን ከስድብ ይቆጠራል። ዕድሜዋን ጠየቀኝ። ሰባ አንድ አልኩት። እዚህ ላይ አርባ ናት፣ ለመሆኑ ምን ላይ ነው የለካሽው አለኝ። ያኔ ነው ፎቶዎችህን የከፈትኩት።

ግድግዳ ነው። የሳሎንህን ግድግዳ ነው ያነሳኸው፤ ያውም ፎከሱ ጥርት ብሎ። ያ ሻካራ ልስን፣ እያንዳንዱ ጉብታ ከነጥላው። በአሥራ ሁለተኛው ላይ የመብራት ማብሪያው ጫፍ ገብቷል፤ በሃያ ሦስተኛው ላይ የሶፋው ራስ። እንኳን ደስ ያለህ፤ ቤትህን ባላየውም ግድግዳህን ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ። ማሽኑ የልስኑን ሻካራነት የካሜራው አሸዋ ነው ብሎ ተማረ። የእማዬን ፊት ሲያገኝ ሽብሽቧ ከልስንህ ጋር ልኩ አንድ ሆነበት፤ ጠረገው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ልወቅስህ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ነጭ ነገር አንሳ ብዬህ ነጭ ነገር አነሳህ። ከሩቅ ሲታይ ግድግዳውም ምንም የለበትም። ጠጋ ብሎ ላላየ ሰው ሁሉም ነገር ልሙጥ ነው። ይህ ስለ ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ ይገባሃል ብዬ አምናለሁ፤ ካልገባህም እያነበብክ ቀጥል።

የተበላሸውን ፎቶ የላኩልህ ስህተቱን ላሳይህ ነበር። ሁለተኛውን መልእክት፣ ተሳስተናል የሚለውን፣ ጽፌ ሳልጨርስ ያንተ ቀደመ፦ «እትዬ አንደኛ ነሽ። ወጣት ሆነች እኮ። እንዲሁ ትሁን፤ እንዳትነኪያት።» ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ። ያመመኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ያቺን ፊት አለማወቅህ ነው። ሰባት ወር በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው የት የት እንደሚታጠፍ ጣቴ በቃሉ ያውቀዋል። አንተ ግን በሙሉ ሲጠፋ አንድም ነገር አልጎደለብህም።

ሁለተኛ እንድትለካልኝ ለመንኩህ። መስታወት ከሌለህ ነጭ ወረቀት መስኮት ላይ ለጥፍ አልኩህ። ጊዜ የለኝም አልክ፤ የመጀመሪያዋ ትበቃኛለች አልክ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አንድ ጓደኛህ በዚህ ሲያልፍ የፕላስቲክ ከረጢት ሰጠኝ። ውስጡ ካሜራህ ነበር፤ አዲስ ገዝቻለሁ፣ ይህን እሷ ትውሰደው ብለሃል። እማዬ በሕይወት ሳለች አንተ አንድ ካሜራ ቤት ውስጥ ትተህልን ብትሄድ ስንት ነገር በቀረን ነበር። ለማንኛውም አመሰግናለሁ። ሌንሱ ላይ የጣትህ አሻራ ነበረበት፤ ጠረግሁት።

ከዚያ አራት ቀን ሙሉ የምሳ ሰዓቴን ሰጠሁት። የወተቱን መስታወት አቧራውን አራግፌ፣ መብራቱን ከግራ አድርጌ፣ ፎከሱን እስከ መጨረሻው አደብዝዤ፣ ከመቶ ጀምሬ ወጣሁ። ሁለት መቶ፣ አራት መቶ፣ ስምንት መቶ። በየደረጃው የሌንሱን ክዳን ገጥሜ ጨለማውንም ለካሁ፤ ጨለማም የራሱ አሸዋ አለው። ሁሉንም ፎቶ አንድ በአንድ ከፍቼ በዓይኔ አየሁ። ምንም የለባቸውም። ምንም አለመኖሩን ደጋግሞ ማየት እንዴት እንደሚያረጋጋ አትጠይቀኝ። መስመሩን ሳወጣው መቶ ላይ መሬት ለመሬት ሄደ፤ ከዚያ እንደ ወጉ ቀስ እያለ ወጣ። ካሜራህ አላረጀም። ሰማያዊው ላይ ትንሽ ይበዛበታል እንጂ ጨዋ ነው። በማያውቀው ነገር ሳማው ከርሜአለሁ።

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ የእማዬን ፎቶ አስገባሁ።

መጀመሪያ ፊቷ መጣ። የቅንድቧ ጠባሳ ተመለሰ። ከአፏ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ጉድጓዶች፣ የታችኛው ከንፈሯ መሰንጠቅ፣ ከጆሮዋ ሥር ያመለጠችው ነጭ ፀጉር። ፈገግ ብላለች፤ በዚህስ አልዋሸህም፣ ለአንተ ፈገግ ብላለች። ነገር ግን ግንባሯ በሙሉ ላብ ነው። አሸዋው ሸፍኖት ነበር። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንዲህ አያልበውም።

ከዚያ ወደ ጨለማው ወረድኩ፤ አጥፊያት ወዳልካት እድፍ። አራት ጣት ናት። ከግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ ከብብቷ ሥር ከጀርባዋ የወጡ አራት ጣቶች። የአመልካች ጣቱ ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የወረቀት መቁረጫው የሠራው ነው፤ የማን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ከጣቶቹ ሥር የሹራቡ ቀለበቶች ተለጥጠው ሊበጠሱ ደርሰዋል። የሚዳብስ እጅ ሹራብ አይለጥጥም። የጣቶቹ አንጓ በሙሉ ነጭ ሆኗል።

አለቃዬ ከምሳ ተመልሶ ከኋላዬ መቆሙን አላወቅሁም። ስክሪኑ ላይ ወዳለው እጅ አየ፤ ከዚያ ማውሱ ላይ ወዳለው እጄ አየ። መነጽሩን መልሶ ግንባሩ ላይ ሰቀለና፣ «በሩን ልዝጋልሽ?» አለኝ። ዘጋልኝ። እስኪመሽ ማንም አልገባም።

እንግዲህ እኔ ምንም አልነገርኩህም። መሐላዬን ጠብቄአለሁ። የነገረህ የራስህ ካሜራ ነው።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። የእኛዋ አንዱን ለመሄድ፣ አንዷን ለመያዝ ወለደች። ተቆጥቻታለሁ፤ ሙታን አይወቀሱም ቢባልም ተቆጥቻታለሁ። አንተ ልብህ እንዳይከፈል ብላ እኔን ለአክስታችን ምላስ አሳልፋ ሰጠችኝ። እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም፤ የምታስበው ስለ አውሮፕላንህ ብቻ ነበር። እማዬ የፈራችው መቀመጥ እንዳቃታት ብታውቅ ትቀራለህ ብላ ነው። እኔ የፈራሁት ግን አውቀህም ትሄዳለህ ብዬ ነው። ስለዚህ ዝም ማለቱ ለእኔም ተመቸኝ። ይኸው፣ አልነግርህም ያልኩት አመለጠኝ። ይሁን፤ አንድ ነገር ለማንም ሳልናገር ዓመት ሊሞላኝ ነው።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርህ። ጥቅሉ ውስጥ ያለው በር የሚያህለው ነው፤ እንዳዘዝከው። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ፀሐይ እንዳያገኘው ከመስኮቱ አርቀህ ስቀለው። ሻካራው ግድግዳህ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ምስማሩን ስትመታ ልስኑ እንዳይረግፍብህ ቀስ በል። ከእሱ ጋር ትንሿን አብሬ ጠቅልያለሁ፤ የአክስታችን ናት። እኔ ልሰጣት እችል ነበር፤ ቤቷ ከዚህ ሁለት መንገድ ነው። ግን ሥራዬን ታውቃለች። እጁን ራሷ ቀጥላበት ነው ትላለች፤ ማንም ይህን ቢል አልፈርድበትም፤ ሰው በሌለበት ሰው ስጨምር፣ ካለበት ሳወጣ ነው የምውለው። ስለዚህ ፕሮፋይሉን ልኬልሃለሁ። ጥሬው ፋይል አንተም ጋ አለ። ራስህ አስገባው፤ ራስህ ጠጋ ብለህ እይ። ከዚያ አንተ ደውለህ ንገራት፣ ፎቶዋንም አንተ ላክላት። ራሷን ችላ ነበር ብለህ ያወራኸው አንተ ነህ፤ የምትመልሰውም አንተ ነህ። ከዚህ ሌላ ከአንተ የምፈልገው ነገር የለም፤ ይህን ግን እፈልጋለሁ።

እድፏን አጥፊያት ላልከኝ፣ ሞክሬ አልሆነልኝም ብዬ አልዋሽህም። አልሞከርኩም። ለካኋት፤ አሸዋ አይደለችም።

እማዬ ስትመርቅህ ረጅም ነበር፤ አንተ ቸኩለህ ከበር ስትወጣ እንኳ ምርቃቷ ግቢው ውስጥ ይከተልህ ነበር። እኔ አጭሩን ነው የምችለው። ቤትህ ይሙቅ። ዓይንህ ጠጋ ብሎ ያይ። አንተም አንድ ቀን መቀመጥ ሲያቅትህ ከጀርባህ የሚይዝህ ሰው አይጥፋ፤ ፎቶ የሚያነሳህም ሰው ዞር በል አይበለው።

እህትህ፣
እትዬ